አዲሱ ስዊች ጠፍቶ ይግባ፦ ስታክ ላይ ሦስተኛ ስዊች አጨማመር

ጅማ ውስጥ ኔትወርክ ከዘረጋሁላቸው ቢሮዎች ብዙዎቹ የጀመሩት በሁለት ስዊች፣ ማለትም የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል እርስ በርስ በሚያገናኙ ሁለት ሣጥኖች ነው። ዓመት ሳይሞላ ካሜራ ይጨመራል፣ ከጎን ያለው ክፍል ይከራያል፣ የቡና መጋዘኑ ሚዛን ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ፖርቱም (የኬብል መሰኪያው) ያልቃል። ያን ጊዜ ስታኩ ላይ፣ ማለትም ተያይዘው እንደ አንድ በሚሠሩት ስዊቾች ላይ፣ ሦስተኛ ስዊች መጨመር ግድ ይሆናል። ላየው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ኬብል ይነቀላል፣ አንድ ኬብል ይጨመራል። እኔ ግን ከዚህ ሥራ ብዙውን የምጨርሰው ጠረጴዛ ላይ፣ አዲሱ ስዊች ራኩ (ስዊቾቹ የሚታሰሩበት መደርደሪያ) አጠገብ ሳይደርስ ነው። እናንተም እንደዚያው እንድታደርጉ እፈልጋለሁ።

መመሪያው የተጻፈው ሲስኮ ካታሊስት 9300 የተባለውን የስዊች ሞዴል ይዤ ነው። 3850ም ከሞላ ጎደል እንደዚሁ ነው። 2960-ኤክስ እና 3750 የሚለዩበት ቦታ ላይ እናገራለሁ። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛው ነው።

መጀመሪያ ስታኩ እንዴት እንደሚያስብ

ስታክ የተደረጉ ስዊቾች ከኋላቸው በልዩ ኬብል ክብ ሠርተው ይያያዛሉ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ስዊች ናቸው፤ አንድ አይፒ አድራሻ፣ አንድ ኮንፊገሬሽን (ቅንብር)። ከመካከላቸው አንዱ አክቲቭ ሆኖ ሁሉንም ይመራል፤ በ3750 እና በ2960-ኤክስ ይኸው ማስተር ይባላል። ሌላው ስታንድባይ ሆኖ ይጠብቃል፣ የቀሩት ሜምበር ናቸው። ፖርቶቹ የሚጠሩት በስዊቹ ቁጥር ነው፦ 2/0/14 ማለት የ2ኛው ስዊች 14ኛ ፖርት ነው።

አክቲቩ የሚለየው በምርጫ ነው። እያንዳንዱ ስዊች ከ1 እስከ 15 የሚደርስ ፕራዮሪቲ አለው፤ ካልተነካ 1 ነው። አብረው ሲነሡ ከፍተኛ ፕራዮሪቲ ያለው ያሸንፋል። እኩል ከሆኑ በ9300 እና በ3850 ማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ ቁጥር) ዝቅተኛ የሆነው ይመረጣል። አንድ ጊዜ የተመረጠ አክቲቭ በሥራ ላይ እያለ ከሱ የሚበልጥ ፕራዮሪቲ ያለው ስዊች ጠፍቶ ቆይቶ፣ በኋላ በርቶ ቢቀላቀል ቦታውን አይለቅም። መጪው ዝም ብሎ ሜምበር ይሆናል።

አደጋው ያለው መጪው አስቀድሞ በርቶ ከሆነ ነው። ብቻውን የበራ ስዊች የራሱ አክቲቭ ነው። ከሚሠራው ስታክ ጋር ኬብል ስታገናኙት ሁለት አክቲቮች ይገናኛሉ፣ እንደ አዲስ ምርጫ ይደረጋል፣ የተሸነፈው ወገን በሙሉ ሪሎድ ያደርጋል፣ ማለትም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ተነሥቶም የሚሠራው በአሸናፊው ኮንፊገሬሽን ነው።

ይህን በንባብ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ወረፋ ይዞ በቆመበት ሰዓት፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ስዊች ራኩ ላይ አስገብቼ መጀመሪያ ኃይል ሰጠሁት። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የስታክ ኬብሉን ሰካሁ። ስዊቹ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ፕራዮሪቲው 15 ተደርጎ ነበር፤ የኛዎቹ 1 ነበሩ። ሁለቱ ነባር ስዊቾች በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሲነሡ ቪላኑም (የኔትወርኩ አከፋፈል)፣ የፖርቱ ስምም፣ አይፒ አድራሻውም የለም፤ የባዶው ስዊች ተከታይ ሆነዋል። በእጄ የነበረው ባክአፕ የ3 ወር አሮጌ ስለነበር የቀረውን በትዝታ ነው የሞላሁት። ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፉ እናቶች ጉዳያቸው ሳይፈጸም ሲመለሱ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፦ አዲሱ ስዊች ጠፍቶ ይግባ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አንድ የስታክ ኬብል ተሳስቶ ከመጣ፣ ለመለወጥ ገንዘቡ ሳይሆን ቀኑ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሚከተለውን አረጋግጡ።

9300 ስታክ የሚሆነው ከ9300 ጋር ነው። ከ3850 ጋር አይገናኝም፤ ስሙ ቢመስልም 9300-ኤል ከተባለው ጋርም አይገናኝም። 9300 የስታክ መሰኪያው ከኋላ አብሮት የተሠራ ነው። 9300-ኤል እና 9200 ግን ለብቻው የሚሸጥ ኪት ይፈልጋሉ፤ ኪቱ ውስጥ ሁለት አዳፕተርና አንድ ኬብል አለ። 2960-ኤክስም ከኋላ የሚገባ የስታክ ሞጁል ካልተገዛለት ስታክ አይሆንም። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ይህ ሞጁል ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቶ የምታገኙበት ጊዜ አለ። ሻጩ የኋላውን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

ብዛቱም ወሰን አለው። 9300 እና 2960-ኤክስ እስከ 8፣ 3850 እና 3750 እስከ 9 ይያያዛሉ። 2960-ኤክስን ከአሮጌው 2960-ኤስ ጋር ከቀላቀላችሁ ግን ከ4 አይበልጥም፣ ፍጥነቱም በአሮጌው ልክ ይወርዳል።

የስታክ ኬብል ለ9300 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ በ1 ሜትርና በ3 ሜትር ይመጣል። ተጎራባች ስዊቾችን 50 ሳንቲ ሜትሩ ያገናኛል። ከታችኛው ተነሥቶ ወደ ላይኛው የሚመለሰው ግን ስዊቹ በጨመረ ቁጥር ይረዝማል፤ ሦስተኛ ስትጨምሩ ነባሩ የመመለሻ ኬብል መድረሱን በሜትር ለኩ። ሌላ ሕንፃ ያለ ስዊች በዚህ ዓይነት ስታክ ሊሆን እንደማይችል ከርዝመቱ መረዳት ይቻላል። ለሱ ፋይበር ነው። በጅማ መብረቅ ደግሞ በሕንፃና በሕንፃ መካከል የመዳብ ኬብል እንድትዘረጉ በፍጹም አልመክርም።

ከዚሁ ጋር የኃይሉን ሒሳብ አስሉ። አዲሱ ስዊች ለካሜራና ለአክሰስ ፖይንት ኃይል የሚሰጥ ከሆነ የ9300 ፓወር ሰፕላይ 715 ወይም 1100 ዋት ሊሆን ይችላል። ለሁለት ስዊች የተገዛው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ሦስተኛውን ላይችል ይችላል፤ ባይወድቅ እንኳ የሚቆይበት ደቂቃ ያጥራል።

ጠረጴዛ ላይ

አዲሱን ስዊች ብቻውን፣ ከማንም ጋር ሳታገናኙ አብሩት። ላፕቶፑን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን ኮንሶል ኬብል ሰክታችሁ በ9600 ፍጥነት ግቡ።

«ሾው ቨርዥን» በሉና ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ የሶፍትዌሩ ቨርዥን። ሁለተኛ ከታች ሠንጠረዡ ላይ ሞዱ (ሶፍትዌሩ የሚነሣበት መንገድ) «ኢንስቶል» ነው ወይስ «በንድል» የሚለው። ሦስተኛ ላይሰንሱ፣ ማለትም ኔትወርክ ኢሴንሻልስ ነው ወይስ አድቫንቴጅ። ያንኑ ትእዛዝ በሚሠራው ስታክ ላይም ስጡና አስተያዩ። ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ቨርዥኑ ከተለየ አዲሱ ስዊች ስታኩን ይቀላቀላል፣ ግን «ቪ-ሚስማች» ተብሎ ቆሞ ይቀራል፤ ፖርቶቹ አይሠሩም።

ስታኩ ራሱ እንዲያስተካክለው የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። በ9300 «ሶፍትዌር አውቶ-አፕግሬድ ኢኔብል»፣ በ3750 እና በ2960-ኤክስ «ቡት አውቶ-ኮፒ-ኤስደብልዩ» ይባላል። በ9300 የሚሠራው ሁሉም ኢንስቶል ሞድ ላይ ከሆኑ ብቻ ነው። እኔ ግን በሱ ተማምኜ ወደ ራኩ አልሄድም። ሶፍትዌሩን በፍላሽ ይዤ «ኢንስቶል አድ ፋይል» ብዬ፣ የፋይሉን ስም ሰጥቼ፣ መጨረሻው ላይ «አክቲቬት ኮሚት» ጨምሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጨርሼ እነሣለሁ። ጭነቱ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው አንድ ሥራ ያልጀመረ ስዊች ነው እንጂ ሰው የሚጠቀምበት ስታክ አይደለም። ያም ሆኖ ከዩፒኤስ ጋር አገናኙት።

ከዚያ ጽዳት። «ራይት ኢሬዝ» አሮጌውን ኮንፊገሬሽን ያጠፋል። የቪላኑ ፋይል ግን ስዊቹ በራሱ ውስጥ ባለው ማከማቻ ለብቻው ስለሚቀመጥ እሱንም ዲሊት አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚስተው ነገር አለ፦ የስዊቹ ቁጥርና ፕራዮሪቲው ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ስዊች በራሱ ማኅደር ይዟቸው ይዞራል። «ራይት ኢሬዝ» አይነካቸውም። ያገለገለ ስዊች ተጠርጎ ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ ውስጡ ግን «እኔ ቁጥር 5 ነኝ፣ ፕራዮሪቲዬም 15 ነው» እያለ ነው። ያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያጋጠመኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ «ሾው ስዊች» ብላችሁ ሁለቱንም እዩ። ቁጥሩ 1 ከሆነ «ስዊች 1 ፕራዮሪቲ 1»፣ ቀጥሎ «ስዊች 1 ሪናምበር 3» በሉ። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ በ1 ፋንታ ያንን ቁጥር አስገቡ። በ9300 እና በ3850 እነዚህ የሚሰጡት ኮንፊገር ሞድ ሳይገባ ነው፤ በ3750 እና በ2960-ኤክስ ኮንፊገር ሞድ ገብታችሁ ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው ከሪሎድ በኋላ ነው። ሪሎድ አድርጉ፣ ኮንፊገሬሽን ይቀመጥ ወይ ብሎ ከጠየቀ አይ በሉ፣ ሲነሣ 3 መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ስዊቹን አጥፉና የኃይል ገመዱን ከስዊቹ ንቀሉ። ገመዱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ራኩ ጋ ስትደርሱ እጅ ቸኩሎ እንዳይሰካው ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

ኬብሉ በትክክል ከተሰካ ኔትወርኩ አይቋረጥም። ቢሆንም ሰው በሥራ ላይ እያለ አትንኩት። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሂርማታ አካባቢ ላለ ቢሮ አይመረጥም፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም በሥራ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እመርጣለሁ። ዝናብ ያዘለ ሰማይ ካያችሁ አዘግዩት። ጀነሬተር ካለ የሚያስነሡትን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሥራ አለን፤ መብራት ቢሄድ ቶሎ ያስነሡልን።» ይህቺ አንድ ቃል ብዙ ጭንቀት ታስቀራለች።

ራኩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የሚሠራውን ስታክ ኮንፊገሬሽን ላፕቶፓችሁ ላይ አስቀምጡ። የዛሬውን፣ የባለፈውን ወር አይደለም። «ሾው ስዊች»ንና «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ ሰመሪ»ን ውጤታቸውን ቅዱ፤ በኋላ የምታስተያዩት ከዚህ ጋር ነው። ሁሉም የስታክ ፖርት «ኦኬ» ካላለ ሥራው እዚያው ይቁም። ነባሩ ክብ አስቀድሞ አንድ ቦታ ተቆርጦ ከሆነና እናንተ ሌላ ቦታ ስትነቅሉ ስታኩ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለቱም ቁራጭ አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ ይዞ ይሠራል፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ሌሊት ያስነጋል።

ከፈለጋችሁ የመጪውን ፖርቶች አስቀድማችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። አክቲቩ ላይ ኮንፊገር ሞድ ገብታችሁ «ስዊች 3 ፕሮቪዥን» ብላችሁ የሞዴሉን ስም ስትጽፉ 3/0/1 እና ተከታዮቹ ይፈጠራሉ፤ ቪላን ትሰጧቸዋላችሁ። ስዊቹ ሲመጣ ሁሉ ነገር ይጠብቀዋል። የሞዴሉን ስም ከስዊቹ ጀርባ አይታችሁ በትክክል ጻፉት፤ ከተለየ ያዘጋጃችሁት አይያዝለትም።

ኬብሉ

ለምሳሌው ስዊች 1 ከላይ፣ ስዊች 2 ከሥሩ ነው እንበል። አጭሩ ኬብል ከስዊች 1 የስታክ ፖርት 1 ወደ ስዊች 2 ፖርት 2 ሄዷል። የመመለሻው ደግሞ ከስዊች 2 ፖርት 1 ወደ ስዊች 1 ፖርት 2። አዲሱን ከስዊች 2 ሥር እናስገባለን።

1. አዲሱን ስዊች ራኩ ላይ በብሎን እሰሩ። ኃይል የለውም። የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ የገለባው ብናኝ ሁሉ ቦታ ይገባል፤ የስታክ መሰኪያው መሸፈኛ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይውለቅ።

2. የመመለሻውን ኬብል ከስዊች 2 ፖርት 1 ብቻ ንቀሉ። ስዊች 1 ላይ ያለውን ጫፍ አትንኩ። ክቡ አንድ ቦታ ተከፈተ፤ ስታኩ በቀረው መንገድ፣ በግማሽ አቅሙ ይሠራል።

3. የነቀላችሁትን ጫፍ አዲሱ ስዊች ፖርት 1 ላይ ስኩ።

4. አዲሱን አጭር ኬብል ከስዊች 2 ፖርት 1 ወደ አዲሱ ስዊች ፖርት 2 አገናኙ።

5. ሁሉንም ጫፎች እዩ። የሲስኮ ምልክት ወደ ላይ መሆን አለበት። ብሎኖቹን በጣት አጥብቁ፤ በካቻቪቴ አትጨክኑባቸው።

6. አሁን የኃይል ገመዱን አምጡና ስኩ።

በ9300 እና በ3850 ጀርባ ስታክፓወር የሚባል ሌላ መሰኪያም አለ። እሱ ስዊቾቹ ኃይል የሚበዳደሩበት እንጂ ዳታ የሚያልፍበት አይደለም፤ ኬብሉም ቀጭን ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

እስኪነሣ

9300 ቶሎ የሚነሣ ስዊች አይደለም፤ ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚህ መሃል አጥፍቶ ማብራት የለም። ላፕቶፑ ላይ ወደ ሰርቨሩ ወይም ወደ ራውተሩ ፒንግ (መስመሩ አለመቋረጡን የሚፈትሽ ትእዛዝ) አስጀምራችሁ አክቲቩን በኮንሶል ተከታተሉ። «ሾው ስዊች» ላይ መጪው ቁጥር 3 ሆኖ ይታያል፣ ቆይቶ «ሬዲ» ይላል። ሬዲ ሳይል ፖርት አትስጡት።

ከዚያ «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ ሰመሪ»። ስድስቱም ፖርቶች ኦኬ ሊሉ ይገባል። «ሾው ስዊች ስታክ-ሪንግ ስፒድ» ደግሞ ክቡ ሙሉ መሆኑን ይነግራችኋል። «ሃፍ» ካለ አንዱ ጫፍ አልገባም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኬብሉን አውጥቶ ቀጥ አድርጎ መልሶ መስካት ያድነዋል። «ቪ-ሚስማች» ካለ ጠረጴዛው ላይ ያለፋችሁት ነገር አለ። እዚያው ከመታገል ኃይሉን ነቅላችሁ፣ የስታክ ኬብሎቹን ወደ ነበሩበት መልሳችሁ፣ ስዊቹን ወደ ጠረጴዛው ውሰዱት።

ሁሉ ከተስተካከለ አንድ ፈተና አድርጉ። ፒንጉ እየሄደ አንዱን የስታክ ኬብል ንቀሉ፣ ሃፍ መሆኑን እዩ፣ መልሱ፣ ሙሉ እስኪሆን ጠብቁ። ሁለት ኬብል በአንድ ጊዜ አይነቀልም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ስታኩ ዛሬ ማታ መሥራቱ አይበቃም። ዩፒኤሱ አልቆ ሁሉም ጠፍተው በአንድ ጊዜ ሲነሡ ምርጫው እንደ አዲስ ይደረጋል። 9300 እና 3850 በ2 ደቂቃ ውስጥ የተነሡትን አብሮ ያወዳድራል፤ በ3750 ጊዜው 20 ሰከንድ ነው። ፕራዮሪቲያቸው ሁሉ 1 ሆኖ ከተተወ በ9300 የሚመራው ማክ አድራሻው ዝቅ ያለው ነው፤ ያ ምናልባት ዛሬ የገባው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሳትወጡ «ስዊች 1 ፕራዮሪቲ 15»፣ «ስዊች 2 ፕራዮሪቲ 14» በሉ። ሦስተኛው በ1 ይቆይ። ይህ አሁን ያለውን አክቲቭ አይለውጥም፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ነው። ቀጥሎ «ራይት ሜሞሪ»። የተቀመጠው ኮንፊገሬሽን ወደ ሜምበሮቹ የሚደርሰው ስታስቀምጡ ነው፤ ሳታስቀምጡ መብራት ከሄደ ለ3ኛው ስዊች የሰጣችሁት ቪላን ሁሉ ይጠፋል።

ወደ ራውተሩ የሚሄዱት ሁለት ኬብሎች አንዱ ከስዊች 1፣ ሌላው ከስዊች 2 የሚነሡ ከሆነ እንደዚያው ይቆዩ። ሁለቱም ከአንድ ስዊች ከሆኑ ዛሬ አንዱን ለማዛወር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ ማንም በማይሠራበት በዚያው ምሽት ስታኩን በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሣ ስዊች 1 አክቲቭ፣ 2 ስታንድባይ፣ 3 ሜምበር ሆነው፣ ሦስቱም ሬዲ ብለው ካያችሁ ጨርሳችኋል። ከፊት ያለውን ሞድ ቁልፍ እየተጫናችሁ ስታክ የሚለው ላይ ስታቆሙ፣ ብልጭ የምትለው የፖርት መብራት የዚያን ስዊች ቁጥር ትናገራለች። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ፊቱ ላይ ለጥፉ። የኬብሉን አዲስ ሥዕል፣ ቀኑንና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ጽፋችሁ ከራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አድርጉ፤ አራተኛውን ለመጨመር የሚመጣው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።